ባዶው ሚዛን ስንት ይላል?

(ሐዋሳ ላይ ለፊዚክስ መምህራንና ለተማሪዎቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለአንባቢ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ሄጄ ነበር። ከፊቴ አንዲት ትልቅ እናት ቆመዋል። አንድ ኪሎ ቆሮሶ አዘዙ። ልጁ ዓሣውን ሳፋ ውስጥ አድርጎ ሚዛኑ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል እጁን ያዙት። «ቆይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ባዶውን አሳየኝ» አሉት። ልጁ ሳፋውን አነሳ። ሚዛኑ ላይ ምንም የለም፤ ቁጥሩ ግን 20 ግራም ይላል። ባዶውን ሳፋ አስቀመጠ፤ 200 አለ። «እንግዲያው ዓሣው ሲገባ 1,200 ካላለ አልወስድም» አሉ። ልጁም አልተቀየመም። ዓሣ ጨማምሮ 1,210 ላይ አቆመው። ተመራርቀው ተለያዩ።

እኔ የመጣሁት ሃብል በተባለው የህዋ ቴሌስኮፕ ላይ ስላለ ስፔክትሮግራፍ ላወራችሁ ነው። ግን እኚያ እናት ዋናውን ነገር ቀድመውኛል። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞር መሣሪያ አለ። ስለ ኮከብ የሚነግረንን ከማመናችን በፊት ስለ ራሱ መጠየቅ አለብን። ያን ጥያቄ በየቀኑ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ስማቸው ዜና ላይ አይወጣም። እኔ ግን ሥራቸውን እወደዋለሁ፤ ዛሬ የማወራውም ስለሱ ነው።

ስፔክትሮግራፍ ብርሃንን ተቀብሎ በየቀለሙ የሚዘረጋ መሣሪያ ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ማየት ይቻላል። ይሄ የጫማ ካርቶን ነው። በአንዱ ጫፍ ሁለት ምላጭ አፍ ለአፍ አጠጋግቼ ለጥፌበታለሁ። በመሃላቸው ያለው ስንጥቅ በጣም ቀጭን ነው። በሌላው ጫፍ የአሮጌ ሲዲ ቁራጭ አለ። ሲዲ ላይ በዓይን የማይለዩ መስመሮች አሉ፤ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 625 ገደማ። ብርሃን ሲያርፍባቸው እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ አቅጣጫ ይሄዳል። ሃብል ላይ ያለውም ሥራው ይኸው ነው። ስንጥቅ አለው፣ ጥቃቅን መስመር የተጫረበት ግሬቲንግ የሚባል መስታወት አለው፣ በመጨረሻ ብርሃኑን የሚቆጥር ዲቴክተር አለው።

አሁን የአዳራሹን መብራት አጥፉልኝ። ይሄን ኃይል ቆጣቢ አምፖል አበራለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ ኑና በቀዳዳው እዩ። እንደ ቀስተ ደመና የተያያዘ ነገር አታዩም። የተቆራረጡ መስመሮች ናቸው። አንድ ደማቅ አረንጓዴ አለ። አንድ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ አለ። አምፖሉ ውስጥ ሜርኩሪ ስላለ ነው። የአረንጓዴው የሞገድ ርዝመት 546.1 ናኖሜትር ነው፤ የሰማያዊው 435.8። ሜርኩሪ የትም አገር ብትወስዱት ሌላ ቁጥር አይናገርም። ሁለቱ መስመሮች ያረፉበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌያለሁ። ስለዚህ ማስመሪያ አለኝ። ሌላ ብርሃን ባስገባ የት እንዳረፈ አይቼ የሞገዱን ርዝመት በግምት እነግራችኋለሁ።

አሁን ደግሞ ክዳኑን በጣቴ ትንሽ ልጫነው። መስመሮቹ ከምልክቱ ሸሹ፤ አያችሁ? ሜርኩሪው ያው ነው። የተጣመመው ካርቶኔ ነው። ምልክቱን ብቻ አምኜ ኮከብ እየለካሁ ቢሆን ኖሮ «ይህ ኮከብ ወደ እኛ እየገሰገሰ ነው» እል ነበር። ከእኛ የሚርቅ ነገር ብርሃኑ ወደ ቀይ፣ የሚቀርበን ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይሸሻልና።

ይህ ቀልድ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በፌብሩዋሪ 1997 ጠፈርተኞች ስቲስ የሚባለውን ስፔክትሮግራፍ ሃብል ላይ ገጠሙ። በዚያው ዓመት ኤም84 ወደሚባል ጋላክሲ መሃል አነጣጠሩት። ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት የብርሃን መስመር መሃሉ ላይ በአንድ በኩል ወደ ሰማያዊ፣ በሌላው በኩል ወደ ቀይ ታጥፎ ተገኘ። ጋዙ በአንድ ወገን ወደ እኛ እየመጣ፣ በሌላው ወገን እየራቀ፣ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሽከረከራል ማለት ነው። እንዲህ የሚያሽከረክረው ክብደቱ ቢያንስ 300 ሚሊዮን ፀሐይ የሚያህል ብላክ ሆል ነው ተባለ። ይህን ለማለት ግን መስመሩን ያጠፈው ጋዙ እንጂ መሣሪያው አለመሆኑን ማወቅ ግድ ነበር።

ስቲስም እንደ ካርቶኔ ይንቀሳቀሳል። ሃብል ምድርን በ95 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራል። ፀሐይ ይመታዋል፣ ጥላ ውስጥ ይገባል። ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ግሬቲንጎቹ የተገጠሙበት አንድ ተሽከርካሪ አለ። የሚፈለገውን ግሬቲንግ ዞሮ ብርሃኑ ፊት ያቀርባል። ዞሮ ሲመለስ ግን ድሮ የቆመበት ነጥብ ላይ ልክ አይቆምም። የሚስተው በጣም ጥቂት ነው። ለዚህ ሥራ ግን ጥቂቱም ብዙ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተሽከርካሪው ጨርሶ እንዳይስት ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ምን ያህል እንደሳተ በየጊዜው ይለካል። ስቲስ ሆድ ውስጥ ኒዮን ጋዝ፣ ፕላቲነምና ክሮሚየም ያላቸው ትናንሽ መብራቶች አሉ። የነሱ ሥራ እኔ አምፖሉን እንዳበራሁት ነው። ልዩነቱ እኔ ሁለት መስመር አለኝ፤ ፕላቲነምና ኒዮን ግን በሺዎች የሚቆጠሩ አሏቸው። እነዚያን መስመሮች ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ የለኩ ሰዎች አሉ። ኮከቡ ሲለካ መብራቱም በተመሳሳይ አቀማመጥ ይበራል። ተመራማሪው ማዘዙን ቢረሳ እንኳ ሥርዓቱ ራሱ ይጨምርለታል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ሰው እንደሚረሳ አስቀድሞ ያሰበለት አለ።

የእናቲቱ 20 ግራምም እዚያ አለ። ከስቲስ ሦስት ዲቴክተሮች አንዱ ሲሲዲ ነው፤ በካሜራ ውስጥ እንዳለው ዓይነት፣ 1,024 በ1,024 ፒክስል። ምንም ብርሃን ሳያገኝ፣ ጊዜም ሳይሰጠው ወዲያው ቢነበብ ዜሮ አይልም። ይህ የሚዛኑ 20 ግራም ነው። በሩ ተዘግቶ ጨለማ ውስጥ ደቂቃዎች ቢቆይ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል። ከሙቀቱ የተነሳ ራሱ ኤሌክትሮን ያፈልቃልና። ስለዚህ ከዜሮ በታች 83 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አቀዝቅዘው ያኖሩታል። ህዋ ውስጥ ያለው ጨረር ግን ያለ ማቋረጥ ይደበድበዋል። የተጎዱት ፒክስሎች ጨለማ ውስጥም ያበራሉ። በየወሩ ገደማ ማቀዝቀዣው ይጠፋና ዲቴክተሩ ከዜሮ በላይ ወደ 5 ዲግሪ እንዲሞቅ ይተዋል። ከዚያ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ከተጎዱት ብዙዎቹ ይድናሉ። ያልዳኑት ይመዘገባሉ፣ በየመረጃው ላይ ይቀነሳሉ።

በ2001 ደግሞ ዋናው ኤሌክትሮኒክስ ተበላሸና ስቲስ ወደ መጠባበቂያው ተዛወረ። መጠባበቂያው የዲቴክተሩን ሙቀት አንድ ቦታ ላይ መያዝ አይችልም። ጨለማው የሚያፈልቀው ቁጥር ከሰዓት ሰዓት ይለያይ ጀመር። ሰዎቹ ተስፋ አልቆረጡም። በአቅራቢያው ያለውን የሙቀት ንባብ ከጨለማው ቁጥር ጋር አያይዘው ማረሚያ ሠሩለት።

አሁን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ስላስተማረኝ ነው።

የሃብል መረጃ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለማንም ክፍት ነው። ክፍያ የለውም። ማንነታችሁን አይጠይቃችሁም። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ቤቴ ቁጭ ብዬ የአንድ ኮከብ የስቲስ መረጃ አወረድኩ። ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋረጠ፣ በሦስተኛው ገባ። የተዘጋጀውን ስፔክትረም ትቼ ጥሬውን በራሴ አጭር ኮድ ልሥራው አልኩ። በእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ላይ ያለውን ብርሃን ከላይ እስከ ታች ደመርኩት። ግራፉ ወጣ። 121.6 ናኖሜትር ላይ እንደ ግንብ ቀጥ ያለ መስመር ቆሟል። የሃይድሮጅን ነው። 130.4 አካባቢ ደግሞ የኦክስጅን አለ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ይህ ኮከብ ዙሪያው ጋዝ አለ ማለት ነው ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ጠዋት ለአንድ ታላቅ ወዳጄ በቴሌግራም ላክሁለት። እሱ ይህን ሥራ ብዙ ዓመት ሠርቶበታል። የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው። «ሳትደምረው በፊት ምስሉን ራሱን ክፈተውና እየው።»

ከፈትኩት። የኮከቡ ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ቀጭን ክር ነው። ያ የኔ መስመር ግን ክሩ ላይ ብቻ አይደለም። ከምስሉ አናት እስከ ግርጌ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ኮከቡ በሌለበትም አለ። ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ኮከብ ነጥብ ነው፤ ስንጥቅ አይሞላም። ይህን የሞላው ቴሌስኮፑ ራሱ ያለበት ሰማይ ነው። ከምድር አየር ጫፍ ላይ ስስ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አለ። ፀሐይ ስታገኘው ያበራል። ሃብል በዚያ ብርሃን ውስጥ ሆኖ ነው የሚያየው። የሩቅ ኮከብ አገኘሁ ብዬ ያደርኩት የገዛ ምድራችንን ትንፋሽ እያየሁ ነው።

ያጠፋሁት ምን ነበር? ሳፋውን ከዓሣው ጋር መዘንኩት። ከክሩ በላይና በታች ያለውን ባዶ ሰማይ ለክቼ መቀነስ ነበረብኝ። የተዘጋጀው ስፔክትረም ውስጥ ይህ ተሠርቶ ነበር። ያን የሠሩት ሰዎች እያንዳንዱን እርምጃ በመመሪያ ጽፈው አስቀምጠዋል። እኔ ሳላነበው ዘለልኩት። ሁለቱን ገጽ ቀደድኩና መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

ይህ የምድር ሃይድሮጅን ብርሃን ግን ሰውን ከማሳሳት አልፎ መሣሪያም ይበላል። በሜይ 2009 ሃብል ላይ ኮስ የሚባል ሌላ ስፔክትሮግራፍ ተገጠመ። ለአልትራቫዮሌት፣ ማለትም ከሐምራዊ ባሻገር ላለው ዓይናችን ለማያየው ብርሃን፣ የተሠራ ነው። ለሩቁ አልትራቫዮሌት የሚጠቀምበት ዲቴክተር እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው የመስታወት ሰሌዳ ነው። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ስትመታው ኤሌክትሮኖች እንደ ናዳ እየተባዙ ይወርዳሉ፤ ቅንጣቷም ትቆጠራለች። ግን አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲመታ ናዳው እየደከመ ይሄዳል። በመጨረሻም የደረሰችው ቅንጣት ሳትቆጠር ትቀራለች። ቶሎ የሚደክመው ደግሞ የ121.6 መስመር የሚያርፍበት ቦታ ነው። የትኛውም ኮከብ ይለካ፣ የምድር ሃይድሮጅን እዚያ አለና።

ገበሬ መሬቱ ሲደክም አጠገቡ ያለውን ያርሳል። እዚህም እንደዚያው ተደረገ። የኮስን ብርሃን ከደከመው ቦታ ትንሽ ወደላይ ወይም ወደታች አንቀሳቅሰው ትኩስ መስታወት ላይ እንዲያርፍ አደረጉት። በ2012፣ በ2015፣ በ2017 እና በ2021 ተዛውሯል። ልዩነቱ ይህ መሬት እዳሪ ቢተውም አያገግምም። በተዛወረ ቁጥር ደግሞ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ማስመሪያው ይታረማል፣ የትኩረቱ ጥራት ይመረመራል፣ የብርሃን ቆጠራው ከሚታወቁ ኮከቦች ጋር ይመሳከራል።

የሚታወቁ ኮከቦች ስል ነጭ ድንኮችን፣ ማለትም ነዳጃቸውን ጨርሰው የቀሩ ትናንሽ ኮከቦችን፣ ማለቴ ነው። ሚዛን ራሱ የሚመሳከርበት የታወቀ ክብደት ያስፈልገዋል። ለብርሃን ብዛት ያ ክብደት ሦስት ኮከቦች ናቸው። ጂ191-ቢ2ቢ፣ ጂዲ 153 እና ጂዲ 71 ይባላሉ። የተመረጡት ሽፋናቸው ባመዛኙ ሃይድሮጅን ብቻ ስለሆነ፣ ከነሱ ምን ያህል ብርሃን መውጣት እንዳለበት በስሌት ማወቅ ስለሚቻል ነው። ስቲስ እነሱን ለክቶ ከስሌቱ ጋር ይተያያል። ከዚያ የሌሎችን ይለካል። ዛሬ ሌሎች ቴሌስኮፖች፣ አዲሱ ዌብ ጭምር፣ በዚሁ መሠረት ላይ ይቆማሉ።

ጠባቂዎቹን ሳላነሳ አላልፍም። አንድ ተመራማሪ ኮከብ ልይ ብሎ ሲያመለክት ዝም ብሎ አይፈቀድለትም። የአልትራቫዮሌት ዲቴክተሮቹ ደማቅ ብርሃን ቢያርፍባቸው ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ የተጠየቀው ኮከብ ብቻ ሳይሆን ዙሪያው ያለው ሁሉ ይመረመራል። ሃብል ደቡብ አትላንቲክ ላይ ጨረር የበዛበትን ቀጠና ሲያቋርጥም ቮልቴጃቸው እንዲቀንስ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ሳይታይ፣ ሳይወራ የሚሠራ ነው።

በኦገስት 2004 ስቲስ ጨርሶ ቆመ። የመጠባበቂያው ኤሌክትሪክ ክፍል ተቃጠለ። አምስት ዓመት ገደማ ሞቶ ቆየ። ህዋ ላይ እንዲከፈት ተደርጎ የተሠራ አልነበረም። ክዳኑ ከ100 በላይ ትናንሽ ብሎኖች አሉት። ጓንት ባጠለቀ እጅ አንዷን ብሎን መያዝ አይቻልም። ብትንሳፈፍ ደግሞ ቴሌስኮፑ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። መሐንዲሶቹ በክዳኑ ላይ የሚገጠም ግልጽ ሰሌዳ ሠሩ፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ እዚያው ይቀራሉ። በሜይ 2009 ማይክ ማሲሚኖና ማይክል ጉድ ለዚህ ሥራ ወጡ። ከዚያ ሁሉ ብሎን ሳይደርሱ መንገድ የዘጋውን የእጅ መያዣ መፍታት ነበረባቸው። ከአራቱ ብሎኖች አንዱ ተላጨ፣ አልፈታም አለ። ምድር ላይ ያሉት ባልደረቦች ተመሳሳዩ ላይ ሞከሩና «በኃይል ይነቀላል» አሉ። ማሲሚኖ ጎትቶ ነቀለው። የተቃጠለው የኤሌክትሪክ ካርድ ተቀየረ። ስቲስ ዳግም ማየት ጀመረ።

ያን ጊዜ ግን ሥራው አላለቀም። ከአምስት ዓመት ዝምታ በኋላ ዲቴክተሩ ምን ያህል ተጎድቷል? ድሮ የለካውን ኮከብ ያንኑ ቁጥር ይሰጠዋል? ሁሉም ከባዶው ጀምሮ እንደገና ተጠየቀ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? አንድ ምሳሌ ይበቃል። ኤችዲ 209458 የሚባል ኮከብ አለ። ፕላኔቱ በየሦስት ቀን ተኩሉ ከፊቱ ያልፋል። ዴቪድ ሻርቦኖና ባልደረቦቹ ሲያልፍ በስቲስ ለኩት። ፕላኔቱ አየር ካለውና አየሩ ውስጥ ሶዲየም ካለ፣ በሶዲየሙ ቀለም ላይ ብርሃኑ በትንሹ ተጨማሪ ይቀንሳል። ውጤታቸው በ2002 ታተመ። ያገኙት ቅናሽ በብር ብንመነዝረው፣ 10,000 ብር ስትቆጥሩ 2 ብር ከ30 ሳንቲም እንደ መጉደል ነው። ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ ያለ ፕላኔት አየር እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው በዚህች ጉድለት ነው። ቆጣሪው ራሱ ሦስት ብር የሚሳሳት ቢሆን ኖሮ ማን ያምናቸው ነበር?

ነገሩ እዚያ አልቆመም። ከ2020 ጀምሮ ምድር ላይ ባሉ ቴሌስኮፖች የሠሩ ተመራማሪዎች ጥያቄ አነሱ። ኮከቡ ራሱ ይሽከረከራል፤ ፕላኔቱ ሲያልፍበት ሶዲየም የሚመስል ምልክት ሊፈጠር ይችላል አሉ። ክርክሩ የድሮውን የስቲስ መረጃ እንደገና አስከፈተ። መክፈት የተቻለው መረጃው ስለተቀመጠ ብቻ አይደለም። ያን ቀን መብራቱ የት እንዳረፈ፣ ጨለማው ስንት እንዳለ አብሮ ስለተመዘገበ ነው። ማረሚያው በተሻሻለ ቁጥር የድሮው መረጃ ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራል። በ1998 የተለካ ኮከብ ዛሬ ከያኔው በተሻለ ጥራት ይነበባል። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ከመወለዳችሁ በፊት የተለካውን አውርዳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ካርቶኖቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ አለ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ወደ ፀሐይ አታነጣጥሩት። መጀመሪያ አምፖሉን እዩበት፣ ምልክታችሁን አድርጉ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር እንውጣ። ሃብል ከምድር ወገብ በ28.5 ዲግሪ አዘንብሎ ነው የሚዞረው። ስለዚህ በእኛ ሰማይ ላይ ያልፋል፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ ከተሞች ይህን ዕድል አያገኙም። እንደ ኮከብ ነው የሚታየው። ብልጭ ድርግም አይልም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ድንገት ሰማይ መሃል ሲጠፋባችሁ ደመና አይደለም፤ ወደ ምድር ጥላ ገብቶ ነው። እዚያ ውስጥ ፀሐይ የለችም። ያ እኔን ያሳሳተኝ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ብርሃን ይደበዝዛል። «የኔ ኮከብ ጥላው ውስጥ ብቻ ይለካልኝ» ብለው የሚያዙ ተመራማሪዎች አሉ። እኛ ዓይናችን ሲያጣው የነሱ ሰዓት ይጀምራል።